የግርጌ ማስታወሻ

ከፉሪ ወዲያ ነው፤ አስፋልቱ ሲያበቃ
መኪናው ቆመና ገባን ወደ ጭቃ።
ካሪን ከፊቴ ናት፣ ከባሕር ማዶ መጥታ፣
የመብት ድርጅቷን መታወቂያ አንግታ፤
እኔ ከኋላዋ፣ በቀን ሒሳብ ቅጥር፣
ከአንዱ አፍ ተቀብዬ ለሌላው ላሻግር።

ማንያህልሻልን ከእድሩ ድንኳን ውስጥ አገኘናት።
ድንች ትልጣለች። አልተነሳችም፤
በቢላዋ ጫፍ በርጩማ አሳየችን።

ጥያቄ አንድ፦ "መቼ ነው የፈረሰው?"
"ጳጉሜን ሦስት፣ ሩፋኤል፣ ዝናቡ ሲያወርደው፤
ልጆቹ ራቁታቸውን ጠበል ነው ብለው ሲሮጡ
ከዳገቱ በላይ ዶዘሮቹ መጡ።"
ጳጉሜን የሚባል ወር የካሪን ቅጽ የለውም።
በጣቴ ቆጥሬ ወደ ሌላ ዘመን አሻገርኩት ቀኑን፤
ሩፋኤል ከነውኃው፣ ልጆቹ ከነዝናቡ
መንገድ ላይ ቀሩብን።

"በስንት ሰዓት?" "አንድ ሰዓት፣ ጠዋት።"
"ሰባት" ብዬ ነገርኳት፤
እውነቱ አልተነካም፣ ስድስት ሰዓት ብቻ ተጨመረበት።

"የቤቱ ማስረጃስ?" ስትላት ጊዜ
ፌስታሏን ዘረገፈች፦
ከኦቦ ቱፋ ጋር የተዋዋለችበት፣
ሦስት ሽማግሌ አውራ ጣቱን በቀለም የነከረበት፣
የመብራት ደረሰኝ፣ የሰባት ዓመቱ
(ቆጣሪው ግን የለም፤ ሄዷል ከነቤቱ)።
"ጨረቃ ቤት ይሉታል፣ በል ንገራት" አለች፣
"በሌሊት ስለሠራን።
ቀን ቀን የሰው ልብስ እናጥብ ነበራ!"
ጨረቃን ተረጎምኩ፣ ቤትንም ተረጎምኩ፤
ሁለቱን ስገጥም "ሕገ ወጥ" ላይ ወደቅኩ።

"ቀዩን የቀለም ምልክት ከበሬ ላይ ሳየው
ቤቱ ቆሞ ሳለ፣ ሆዴን ባር ባር አለው።"
ለባር ባር አቻ አጣሁ። "ከፍቷት ነበር" አልኩ።
ይቺን ዕዳ እስከ ዛሬ አልከፈልኩ።

ካሪን ክፉ ሰው አይደለችም።
ብዕሯን አስቀምጣ ብዙ ዝም አለች፤
ቢላ ተዋሰችና አንድ ድንች ላጠች፣
ልጣጩ ወፍሮ ድንቹ ሊያልቅ ሲል
ማንያህልሻል ሳቀች።
"ስምሽን አናወጣም" ብለን ቃል ገባን።
ራሷን ነቀነቀች። እሺ ያለች መሰለን።

ዘጠኝ ወር አለፈ።
መቶ አሥራ ሁለት ገጽ፣ ሰማያዊ ሽፋን።
ፈልጌ ፈልጌ ከገጹ ግርጌ ላይ፣ ቁጥር አርባ ሰባት፣
ጉንዳን በሚያክል ፊደል አገኘኋት፦
"ከሰላም ጋር የተደረገ ቃለ መጠይቅ፤
ስሟ ተቀይሯል፤ ቦታና ቀን አልተገለጸም።"
ያ በጣቴ የቆጠርኩት ጳጉሜን፣ ከነሰዓቱ፣
ለካ ለመደበቅ ኖሯል ልፋቱ።

በባጃጅ ሄድኩላት። ከገላን አለፍ ብሎ
ከአንድ ዶሮ አርቢ ግቢ ኪራይ ገብታለች።
"የቱ ጋ ነኝ?" አለች። ጣቴን አሳረፍኩ።
"ሰላም ማናት?"
"አንቺ ነሽ። እንዳትጎጂ ተብሎ…"

"ሊያፈርሱ የመጡት በድምጽ ማጉያ
ከነአባቴ ጠሩኝ፣ ሰፈሩ እየሰማ።
ያፈረሰኝ ያውቀኛል። ስሜን የሸሸጋችሁት
ታዲያ ከማን ኖሯል?
አባቴ 'ማን ያህልሻል' ብሎ ሲያወጣልኝ
ጥያቄ አልነበረም።
እናንተ መለሳችሁለት፤ የሚያህለኝ ተገኘ፣
ሰላም የምትባል።"

አንድ ሰው አውቅ ነበር፣ ስሙ የወጣበት፤
ልጁ ከትምህርት ቤት የቀረ በዚያው ዕለት።
ይህን ልነግራት አፌን ከፈትኩና
ዶሮዎቹ ሲንጫጩ ተውኩት።

ብዕሬን ወሰደች። በማታ ትምህርት ፊደል፣
ከሦስቱ "ሀ"ዎች የትኛው እንደሆነ ቆማ አስባ፣
ከቁጥር አርባ ሰባት ጎን፣ ከኅዳጉ ላይ
ስሟን ሙሉውን ጻፈች።
አጠፈችውና ከፌስታሉ ከተተችው፣
ቤት ከሌለው ደረሰኝ ጋር።

እኔም ይኸው ዛሬ ይህንን ስጽፍ
ሦስት ጊዜ ሰረዝኩ፣ ሦስት ጊዜ ፈራሁ።
ማንያህልሻል አልኳት።
ስሟ እሱ አይደለም።